ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ዓይንስ?

በድሮው ዘመን አዋጅ የሚነገረው በገበያ ቀን ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፤ ሻጭ ሚዛኑን ይተዋል፣ ገዢ ገንዘቡን በጨርቁ ጫፍ እንደ ቋጠረ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አዋጅ ነጋሪውም ጉሮሮውን ጠርጎ «ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ብሎ ይጀምራል።

ይህን ጥሪ ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን በውስጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መኖራቸውን ልብ የምንል ጥቂቶች ነን። የመጀመሪያው ትእዛዝ ነው፤ ስማ! ሰሚው የሚሰማውን አይመርጥም፤ የሚመርጥለት ነጋሪቱን ያስጎሰመው ሰው ነው። ሁለተኛው ግን አደራ ነው፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ይህኛው ሰሚውን ከተራ ሰሚነት አውጥቶ ለጎረቤቱ ጆሮ ኃላፊ ያደርገዋል።

የሰው ልጅ ከመጀመሪያው፣ ማለትም ከትእዛዙ ነፃ ለመውጣት ብዙ ደክሟል። በእኛም አገር ከሩቅ ሆነው በአማርኛ የሚናገሩ ጣቢያዎች ሲመጡ፣ ለምሳሌ የጀርመን ድምፅ በ1957 ዓ.ም. ስርጭቱን ሲጀምር፣ ሰሚው የሬዲዮኑን መዘውር በገዛ እጁ አዙሮ «ይህን እንጂ ያንን አልሰማም» ለማለት ቻለ። ዛሬ ደግሞ ምርጫው በኪሳችን ውስጥ ነው ይባላል። እውነት ከትእዛዙ ነፃ ወጥተናል? ነፃ ከወጣንስ አደራውን የት ጣልነው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ጥያቄው ትልቅ ነው፤ እኔ የምመረምረው ግን በአንዲት ትንሽ ነገር በኩል ነው። ይህችውም በኮምፒውተሬ ላይ ተቀምጣ ከየቦታው ዜና እየለቀመች የምታመጣልኝ፣ አር.ኤስ.ኤስ. አንባቢ የምትባል ፕሮግራም ናት። የምጽፈውም ከድባጤ ነው። ድባጤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን፣ ከቻግኒ ወደ ቡለንና ወደ ወንበራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በወረዳዋ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ አማራው፣ አገውና ኦሮሞው አብረው ይኖራሉ። አንባቢ «ከድባጤ ተቀምጦ ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም መፈላስፍ ምን የሚሉት ቅንጦት ነው?» ይለኝ ይሆናል። ቅንጦት አለመሆኑን ወደ ኋላ አሳያለሁ፤ እስከዚያ ትዕግሥቱን አይንፈገኝ።

* * *

ነገሩን ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። አንድ ጋዜጣ ወይም አንድ ጸሐፊ በኢንተርኔት ገጹ ላይ አዲስ ጽሑፍ ሲያወጣ፣ ከገጹ ጀርባ ባለች አንዲት ቀጭን ፋይል ላይ ርእሱን፣ ቀኑን፣ አድራሻውንና ጥቂት መስመሮችን፣ አንዳንዴም ሙሉውን ጽሑፍ ያሰፍራል። ይህች ፋይል ፊድ ትባላለች። የአንባቢው ፕሮግራም ሥራ ቀላል ነው። እኔ የሰጠሁትን የአድራሻ ዝርዝር ይዞ በየሰዓቱ ከቤት ቤት ይዞራል፤ «አዲስ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካለ ያመጣል፣ ከሌለ ባዶ እጁን ይመለሳል። ያመጣውንም በቀኑ ቅደም ተከተል ይደረድራል። «ይህ ደስ ይልሃል» ብሎ አያባብልም፣ «ጓደኞችህ ይህን ወደውታል» ብሎ አይጎተጉትም። ታማኝ ተላላኪ ነው፤ ላክ ወደተባለበት ይሄዳል፣ ካልተላከበት አይደርስም። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ዘዴው የተወለደው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1999 በኔትስኬፕ ኩባንያ ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ ገባ። ሁለቱ ነገሮች አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቁ በአንድ ዓመት መወለዳቸው ለእኔ የሚያስደስት አጋጣሚ ነው፤ ያለ ሁለተኛው የመጀመሪያው ለአማርኛ አንባቢ ባዶ ሣጥኖች ከመደርደር አያልፍም ነበርና። በቀጣዩ ዓመት የዘዴውን አንድ ቅጂ ከቀረጹት ሰዎች መካከል የ14 ዓመቱ ልጅ አሮን ስዋርትዝ ይገኝበታል፤ ዴቭ ዋይነር እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ቅጂ ደግሞ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጉግል የራሱን አንባቢ በኢንተርኔት ላይ ከፈተ፤ ሚሊዮኖችም ዝርዝራቸውን እዚያ አኖሩ። ሰኔ 24 ቀን 2005 ዓ.ም. ጉግል ያንን ቤት ዘጋው። ተጠቃሚዎች ዝርዝራቸውን አውጥተው እንዲሄዱ ጊዜ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ሆኖም በሰው ቤት ያደረ ዕቃ የባለቤቱን ፈቃድ የሚጠብቅ መሆኑን ዓለም ያን ጊዜ ተማረ።

በእኛ አገር ደግሞ ይህ ነገር ሌላ ትርጉም ነበረው። ከግንቦት 1998 ዓ.ም. ጀምሮ በርካታ የኢንተርኔት ገጾችና ብሎጎች ከአገር ውስጥ እንዳይታዩ ተዘግተው ነበር፤ ሰኔ 2010 ዓ.ም. መንግሥት 264 ገጾችን መክፈቱን እስኪያስታውቅ ድረስ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ዋናው በር ሲዘጋ ፊዱ እንደ ጓሮ በር የሚያገለግልበት ጊዜ ነበር፤ ገጹ ራሱ ባይከፈት፣ ከሌላ አገር ያለ ኮምፒውተር ለቅሞ ያመጣው ጽሑፍ ይነበባል። ስለዚህ ስለ ፊድ አንባቢ ማውራት ለኢትዮጵያዊ ስለ ቴክኖሎጂ ብቻ ማውራት አይደለም፤ «ማን ይመርጥልኝ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

እኔ ወደዚህ ወረዳ ለማስተማር ስመጣ ፕሮግራም የመረጥሁት በሦስት መመዘኛ ነበር። ፕሮግራሞቹ ብዙ ናቸው፤ ለማክ ኮምፒውተር ኔትኒውስዋየር አለ፣ ለሊነክስ ላይፍሪያ አለ፣ ኢሜይልንና ፊድን በአንድ መስኮት ለሚፈልግ ተንደርበርድ አለ። የመጀመሪያው መመዘኛዬ፣ ያመጣውን በገዛ ዲስኬ ላይ ያስቀምጥልኛል ወይ የሚል ነበር። ኔትወርክ ሌሊት ብቅ ብሎ ቀን በሚጠፋበት፣ መብራትም እንደ እንግዳ መጥቶ በሚሄድበት ስፍራ፣ በደመና ላይ የተቀመጠ ንባብ ከደመናው ጋር ይሄዳል። (ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በዚሁ በመተከል ዞን በጉባ ወረዳ መሆኑን፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በ5,150 ሜጋ ዋት አቅም መመረቁን ሳስታውስ ፈገግ እላለሁ፤ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ውኃ የሚጠማው ሰው መኖሩ አዲስ ነገር አይደለም።) ሁለተኛው፣ የአድራሻ ዝርዝሬን በአንዲት ፋይል አውጥቼ ወደ ሌላ ፕሮግራም ልወስደው እችላለሁ ወይ የሚል ነው። ሦስተኛው፣ የግዕዙን ፊደል ሳይሰብር ያሳያል ወይ የሚል ነው። ሦስቱንም ያሟላልኝ አርኤስኤስ ጋርድ የሚባለው ሆነ፤ ሌላ ሰው በሌላ ቢስማማ አልከራከርም።

* * *

ይህን ሁሉ የደከምሁት ለምንድነው? ሌላው ሰው እንደሚያደርገው ፌስቡክን ከፍቼ የሚመጣውን ባነብ ምን ነበረበት? መልሴ በዚያን ጊዜ ግልጽ ነበር፤ የሚመርጥልኝ የማላየው ሰው እንዲሆን አልፈለግሁም።

ፌስቡክ የዜና መደርደሪያውን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ ወዲህ በምን ቅደም ተከተል ምን እንደምናይ የሚወስነው ስሌት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያም ኩባንያው ሰዎች ብዙ አስተያየት የሚሰጡበትንና የሚቀባበሉትን ጽሑፍ ወደ ላይ እንደሚያወጣ በይፋ አስታወቀ። መቼም ሰው በተቆጣ ጊዜ እንደሚናገረው በተረጋጋ ጊዜ አይናገርም። ስሌቱ ክፋት አላሰበም፤ ነገር ግን ቁጣ የሚከፈልበት ገበያ ተከፈተ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን የያዙ የጥላቻ ጽሑፎች በፌስቡክ ከተሰራጩ በኋላ በመኖሪያ ቤታቸው አቅራቢያ ተገደሉ። ልጃቸው ኩባንያውን ናይሮቢ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ በ2017 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ክርክሩ ገና የፍርድ ቤት ነው። የሞራሉ ጥያቄ ግን ፍርድ ቤትን አይጠብቅም። ያንን ጽሑፍ የጻፈው አንድ ሰው ነው፤ ከመቶ ሰው ዓይን ፊት ያስቀመጠው ግን ማን ነው? «ማሽኑ» ብንል ማሽን አይጸጸትም። «እኔ ያየሁት የመጣልኝን ነው» የሚለው አንባቢም ራሱን ነፃ ያወጣል። በመካከል ሰው ሞቶ ኃላፊ ይጠፋል።

በፊድ አንባቢ ግን ኃላፊው ይታወቃል። ዝርዝሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያነበብሁትን ያነበብሁት ስለ ፈለግሁ ነው። በዚህ እኮራ ነበር፤ ኩራቴም ረዥም ዕድሜ አልነበረውም።

* * *

ሕዳር 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ማታ ከወንበራ ወደ ቻግኒ ይጓዝ በነበረ የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ላይ በድባጤ ወረዳ ጥቃት ተፈጸመ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 34 ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ። በሚቀጥለው ወር፣ ታኅሣሥ 14 ቀን፣ በቡለን ወረዳ በኩጂ በሚባል ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች ተገደሉ። አሥር ሺዎች ወደ ቻግኒ ተሰደው በመጠለያ ሰፈሩ፤ የጉሙዝ ቤተሰቦችም ቤታቸውን ትተው ወደ ጫካ ሸሹ። የዚያን ጊዜውን ሐዘን እዚህ ለመዘርዘር አልነሣሁም፤ ያየው ያውቀዋል፣ ላላየው ቃል አይበቃም።

በዚያ ወቅት ሌሊት ኔትወርክ ብቅ ሲል ኮምፒውተሬ የለቀመውን ለቅሞ ያድራል፤ ቀን ሁሉም ስልክ ሲደነቁር የእኔ ዲስክ ግን ዜና ሞልቶበታል። ይህ በሰፈሩ ታወቀ። ማታ ማታ መምህራኑ፣ ጎረቤቱ፣ የሻይ ቤቱ ባለቤት ሳይቀር እኔ ጋ ይሰበሰቡ ጀመር። እኔም ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸው ነበር። ለራሴ ብቻ ያወጣሁት ዝርዝር ሳላስበው የሰፈር ሁሉ ዝርዝር ሆነ። እኔ ነጋሪት የሌለኝ አዋጅ ነጋሪ ሆንሁ።

አሁን መናዘዝ ያለብኝ ነገር አለ። ጥቃቱ በበዛ በሁለተኛው ሳምንት ከዝርዝሬ ውስጥ ጥቂት አድራሻዎችን ሰርዤ ነበር። አንዱ ስሙን የማልጠራው፣ ነገሩን ከጉሙዝ ወገን ሆኖ የሚጽፍ ሰው ነበር። ጽሑፉ ያበሳጨኝ ነበር፤ አንዳንዱን አሁንም ባነበው ያበሳጨኛል። በዚያ ሁሉ ቀብር መካከል የእርሱን ክርክር ለመስማት አቅም አጣሁ። አድራሻው ላይ ተጭኜ «አጥፋ» አልሁ፤ ፕሮግራሙ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ «አዎ» አልሁት። ሦስት ሰከንድ የፈጀ ሥራ ነበር።

ከሚሰበሰቡት መካከል አንድ በዕድሜ የሚበልጠኝ ጉሙዝ መምህር ነበሩ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ሰምተው ዝም ብለው ይሄዳሉ። ከዚያ መምጣታቸውን አቆሙ። አንድ ቀን በትምህርት ቤት ግቢ አግኝቼ «ጋሼ፣ ምነው ጠፉ?» አልኋቸው።

«አልጠፋሁም፤ አለሁ» አሉኝ። ትንሽ ቆይተውም «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከምታነበው ከዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ፣ የእኛ ሰው በገዛ አፉ የተናገረው አንድ ቃል አለ?» አሉ።

«አለ እንጂ!» አልኋቸው። እንዲያ ያልሁት ዋሽቼ አልነበረም፤ እንዳለ አምኜ ነው። ማታ ብቻዬን ተቀምጬ በፕሮግራሙ መፈለጊያ ውስጥ «ጉሙዝ» የሚለውን ቃል ጻፍሁ። ከመቶ በላይ ጽሑፍ መጣልኝ። አንድ በአንድ አነበብኋቸው። በሁሉም ውስጥ ስሙ ነበር፤ «የጉሙዝ ታጣቂዎች»፣ «የጉሙዝ ተወላጆች»፣ «የጉሙዝ ጉዳይ»። ሰው ግን አልነበረም። ስለ እርሳቸው የሚናገር እንጂ እርሳቸውን የሚያናግር አንድም አላገኘሁም። ለወራት ጋሼ በዚያ በር አጠገብ ተቀምጠው ስለ ራሳቸው ሌሎች ሲናገሩ ሰምተዋል፤ እኔ ነኝ ያሰማኋቸው።

አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ። በሰው ላይ የሚወራው ወሬ ለሁሉ ደርሶ ለባለቤቱ በመጨረሻ ይደርሳል ለማለት ነው። የእኔ ግን የባሰ ነበር። እርሳቸው ስለ ራሳቸው የሚወራውን ሰምተዋል፤ ስለ ራሴ ያልሰማሁት እኔ ነበርሁ። ፌስቡክን «በስውር ይመርጣል» ብዬ ስከስ፣ በግልጽ መርጬ ያንኑ ሥራ ሠርቻለሁ። ማሽኑ ያደረገው በስሌት ነው፤ እኔ ያደረግሁት በሐዘን ነው። ጋሼ በሩ አጠገብ ሲቀመጡ ግን ልዩነቱ አይታያቸውም።

* * *

ይህን ታሪክ ለወዳጆቼ ስነግር ሦስት ዓይነት መልስ አገኛለሁ፤ ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል።

አንዳንዱ «ሁሉን መስማት አይቻልም» ይላል። እውነት ነው። ኸርበርት ሳይመን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳመለከተው መረጃ የሚመገበው የሰውን ትኩረት ነውና፣ መረጃ በበዛ ቁጥር ትኩረት ይራባል። ማንኛውም የፊድ አንባቢ ተጠቃሚ ይህን በዓይኑ ያየዋል፤ ከየአድራሻው ጎን ያልተነበበው ጽሑፍ ቁጥር ይጻፋል፣ ቁጥሩም መቶ፣ ሁለት መቶ፣ አንድ ሺህ እያለ እንደ ዕዳ ያድጋል። ስለዚህ መቁረጥ ግድ ነው። ነገር ግን መቁረጥ ግድ መሆኑ የቆረጥሁትን ሁሉ ትክክል አያደርገውም። እንጀራ ለሁሉ ባይበቃ ማን እንደሚራብ የወሰነው ሰው ከኃላፊነት አያመልጥም። የሚያጠፋውን ማወቅ፣ ለምን እንዳጠፋውም ለራሱ መንገር አለበት። እኔ ያንን አድራሻ ያጠፋሁት ጊዜ ስለ ጠበበኝ አልነበረም፤ ልቤ ስለ ጠበበ ነበር።

ሌላው «ታዲያ ጥላቻን ሁሉ ላንብብ?» ይላል። አይደለም። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ጸሐፊን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ «እገሌን ግደሉ» የሚለው ነው፤ ይህ ሐሳብ እየሰጠ ሳይሆን መሣሪያ እያቀበለ ነው፤ እርሱን ያለማንበብ፣ ይልቁንም ለሌላ ያለማንበብ ጽድቅ ነው። ሁለተኛው በቁጣ ሆኖ የራሱን ቁስል የሚናገር ነው። ቁጣው ሊያስቀይመን፣ ሒሳቡ ሊዛባ ይችላል፤ ቁስሉ ግን እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ የሰረዝሁትን ሰው ከወራት በኋላ መልሼ ሳነበው ከሁለተኛው ወገን ሆኖ አገኘሁት። በማልቀበለው ክርክሩ መካከል ወደ ጫካ ስለ ሸሹ እናቶች ጽፎ ነበር። ያንን በጊዜው ለተሰበሰበው ሰው ባነብለት ምን ይለወጥ ነበር? ምናልባት ምንም። ምናልባት ግን ጋሼ በሩን ትተው ወደ ውስጥ ገብተው ይቀመጡ ነበር።

ሦስተኛው ሰው «ሁሉም የራሱን እውነት ይናገራል፤ ዳኛው ማን ነው?» ይላል። ይህ ጥያቄ በአገራችን አዲስ አይደለም። ደራሲው ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት ቢከራከሩበትም፣ የዘርዓ ያዕቆብ የተባለው ሐተታ ያነሣው ይህንኑ ነው፤ ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም የእኔ ብቻ እውነት ነው ሲሉ በመካከል የቆመ ሰው ማንን ይመን? የሐተታው ሰው ወደ ዋሻ ገብቶ በሕሊናው መዘነ። እኔ ሐተታውን ባደንቅም አንድ ነገር ልብ እላለሁ፤ ዋሻ ከመግባቱ በፊት ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ነበር። ሕሊና ሚዛን ነው እንጂ እህል አይደለም። በሚዛኑ ላይ አንድ ወገን ብቻ ከተቀመጠ፣ ሚዛኑ የቱንም ያህል ትክክለኛ ቢሆን ያጋድላል። ሕሊናዬን አምናለሁ የሚል ሰው አስቀድሞ ዝርዝሩን ይመርምር።

ከሦስቱም የሚከብድ ግን አራተኛ ነገር አለ፤ እርሱንም ማንም አልጠየቀኝም። ያንን አድራሻ ባልሰርዘው ኖሮ የጋሼ ጥያቄ ይመለስ ነበር ወይ? አይመለስም። አንድ ጸሐፊ ስለ አንድ ሕዝብ ሁሉ አይናገርም። ድባጤ የራሷ ፊድ የላትም። በጫካ ያደረችው እናት ፊድ የላትም፤ በቻግኒ መጠለያ ዝናብ የመታው የአማራ ወይም የሺናሻ ገበሬም የለውም። ተላላኪው ካልተላከበት አይደርስም ያልሁት ለዚህ ነው። የምናነበው ዓለም የሚጽፉ ሰዎች ዓለም ነው፤ የሚጽፉትም ብዙውን ጊዜ መብራት፣ ትምህርትና ጊዜ ያላቸው ናቸው። የቱንም ያህል ሚዛናዊ ዝርዝር ብናወጣ፣ በዝርዝሩ ግርጌ ሁልጊዜ አንድ ባዶ መስመር አለ። ያንን መስመር የማያይ አንባቢ፣ መቶ ጋዜጣ ቢያነብ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነው።

* * *

እንግዲህ ምን ይደረግ? ስብከት አልወድም፤ እኔ የማደርገውን ብቻ ልናገር።

ፕሮግራሙን አልተውሁትም። አሁንም ከሌላው ሁሉ የተሻለ ነው እላለሁ፤ ምክንያቴ ግን ተለውጧል። ድሮ የወደድሁት ነፃ ስለሚያወጣኝ ነበር፤ ዛሬ የምወደው ስለሚያጋልጠኝ ነው። ዝርዝሩ በአንዲት ፋይል ውስጥ በግልጽ ተጽፏል፤ ከፍቼ ማንን እንደምሰማና ማንን እንደማልሰማ በጣቴ መቁጠር እችላለሁ። በስልኬ ስሌት የተደበቀው አድልዎ አይቆጠርም፤ የእኔ ግን ይቆጠራል። የሚቆጠር ጥፋት ደግሞ ይታረማል። ስለዚህ በየዓመቱ በዘመን መለወጫ ዝርዝሬን አንዴ ከላይ እስከ ታች አነባለሁ። ያጠፋሁትን አድራሻ በሌላ ወረቀት ላይ ከነምክንያቱ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱን ለመጻፍ ካፈርሁ እመልሰዋለሁ። በቁጣ ሰዓት ምንም አልሰርዝም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ ሲያለቅሱ የሰረዙትም ሲያለቅሱ ይታወሳል።

ለሌላ ሰው ስናነብ ደግሞ ግዴታው ይከብዳል። ለራሱ ብቻ የሚያነብ ሰው ቢያዳላ ራሱን ይጎዳል፤ ለሰፈር የሚያነብ ቢያዳላ ሰፈር ይጎዳል። በዛሬው ዘመን ደግሞ ለራሱ ብቻ የሚያነብ ሰው ማን አለ? አንድ ጽሑፍ ወደ ቴሌግራም ቡድን የሚያስተላልፍ ሁሉ፣ በሠርግ ቤት «እንዲህ ተባለ እኮ» የሚል ሁሉ፣ ነጋሪት ባይዝም አዋጅ ነጋሪ ነው።

በመጨረሻ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ባዶ ማኅደር ከፍቻለሁ። ስሙን «አድራሻ የሌላቸው» ብዬዋለሁ። ምንም ፊድ ስለሌለበት ከጎኑ ቁጥር አይወጣም፤ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ነው። ሌሎቹ ማኅደሮች በየጠዋቱ «አንብበኝ» ሲሉኝ እርሱ ዝም ይላል። ዝምታው ግን ያስነሣኛል። ዜናውን ካነበብሁ በኋላ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወደ ገበያ ወይም ወደ ጋሼ ቤት እሄዳለሁ፤ ሄጄም አልናገርም፣ እጠይቃለሁ። ጋሼ መጀመሪያ ብዙ አይናገሩኝም ነበር። «አንተ ያነበብኸው ይበቃሃል» ብለው ይስቁብኝ ነበር። አሁን ቡና ሲፈላ አንድ ሁለት ነገር ያወጉኛል፤ ስለ 2013 ዓ.ም. ሳይሆን ከዚያ በፊት ስለ ነበረው፣ ጉሙዙና ሺናሻው፣ አማራውና አገው እንዴት በአንድ ገበያ ይገበያይ እንደ ነበረ። ቤታቸው በሄድሁ ቁጥር የተቀመጥሁት በሩ አጠገብ ነው። ስፍራውን ማንም አልነገረኝም፤ እኔው መረጥሁት።

አዋጅ ነጋሪው «ያልሰማህ ስማ» ሲል ሕዝቡን ብቻ እየጠራ ይመስለን ነበር። የሰማሁት እየመሰለኝ ያልሰማሁት እኔ መሆኔን ካወቅሁ ወዲህ ግን ጥሪው ለእኔም እንደ ሆነ ይሰማኛል። ላልሰማ ከማሰማቴ በፊት፣ ያልሰማሁትን ልስማ።